መርዙን አውጥቶ መብላት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በቃል የተናገርኩትን በጽሑፍ እንዳወጣው ስለጠየቃችሁኝ ይኸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ዓለም ጉደኛ ምግቦች ሲነሳ ብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ያው ቪዲዮ ነው። አንዱ የስዊድኑን የፈላ ዓሣ ጣሳ ይከፍታል፣ ሽታው ያጥወለውለዋል፣ ጓደኞቹ ይንከተከታሉ። ወይ ደግሞ የሰርዲኒያውን አይብ ይገምጣል፤ ያ ትሉ በሕይወት እያለ፣ እየዘለለ የሚበላውን። እነዚህን ዛሬ አልነካቸውም። ሽታና መልክ የልማድ ጉዳይ ነው። እኛን ምራቃችንን የሚያስውጠን የበሰለ ቅቤ ሽታ ለማያውቀው አፍንጫ ከባድ ነው፤ በሰው አገር አፓርታማ የሚኖር ሰው ጎረቤቱ ምን እንደሚለው ያውቃል።

እኔ ማውራት የምፈልገው እውነት ስለሚገድል ምግብ ነው። እንዳለ ብትበሉት የሚጥላችሁ፣ ነገር ግን አንድ ሕዝብ እንደምንም መርዙን አውጥቶ፣ ማዕድ ላይ አቅርቦ፣ ልጆቹን ያሳደገበት ምግብ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ብዙ አለ። አንዳንዱ የሀብታም ነው፣ አንዳንዱ የድሃ። ልዩነታቸው ሰፊ ነው፤ ዋናው ጉዳዬም እሱ ነው። በነገራችን ላይ እኛም ቤት አለ፣ እደርስበታለሁ።

ከጃፓን እንጀምር፤ ታዋቂው እሱ ስለሆነ። ፉጉ የሚባል ዓሣ አለ፤ ሲደነግጥ ሆዱን በውኃ የሚነፋው ማለት ነው። ጉበቱና የእንቁላል ከረጢቱ ውስጥ ቴትሮዶቶክሲን የሚባል መርዝ ይከማቻል። ስሙን ያወጣለት ዮሺዙሚ ታሃራ የሚባል ጃፓናዊ ተመራማሪ ነው፣ በ1909። ዓሣው ራሱ አያመርተውም። ባክቴሪያዎች ያመርቱታል፣ ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት ይበሉታል፣ እነሱን ደግሞ ፉጉ ይበላቸዋል፣ በዚያው ይጠራቀማል። መርዙ ሰው ውስጥ ሲገባ ነርቮች መልእክት የሚያስተላልፉበትን መንገድ ይዘጋል። መጀመሪያ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ከዚያ ምላስ፣ ከዚያ ጣት፣ ከዚያ እግር፣ በመጨረሻ የመተንፈሻ ጡንቻ። ክፉው ነገር ሰውየው ብዙ ጊዜ ራሱን አይስትም። እየሰማ፣ እያወቀ ትንፋሹ ይቆማል። ማርከሻ የለውም። ሐኪም ማድረግ የሚችለው በመሣሪያ እያስተነፈሱ መርዙ ከሰውነት እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ቀቅዬ እበላዋለሁ ማለት አያዋጣም፣ እሳት አይበግረውም።

ሰው ግን ይበላዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ኮሪያ ላይ ሊዘምት ጦር ሲያሰባስብ ወታደሮቹ ፉጉ እየበሉ ስለሞቱበት ከለከለ። ሕጋዊ መንገድ የተከፈተለት በ1888 ነው፤ ኢቶ ሂሮቡሚ የሚባለው ትልቅ ፖለቲከኛ ሺሞኖሴኪ ከተማ ላይ ቀምሶ ወደደውና በያማጉቺ ግዛት ተፈቀደ። ዛሬ ፉጉ የሚበልተው ሠልጥኖ ፈቃድ ያወጣ ሰው ነው፤ ያወጣውን ጉበትና አንጀት እንደ ማንኛውም ቆሻሻ አይጥለውም፣ በቁልፍ በሚዘጋ ዕቃ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከምንም አልመጣም። በ1975 ባንዶ ሚትሱጎሮ 8ኛ የሚባል የካቡኪ ቲያትር ታላቅ ተዋናይ፣ አገሩ ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ብላ የሰየመችው ሰው፣ ኪዮቶ ውስጥ አራት ሳህን የፉጉ ጉበት በልቶ ሞተ። ዛሬ በፉጉ የሚመረዙት ደግሞ አብዛኞቹ ሬስቶራንት የሄዱ አይደሉም፤ ራሳቸው አጥምደው ቤታቸው የበለቱ ናቸው።

ይህን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ኢሺካዋ በሚባለው የጃፓን ግዛት፣ ሃኩሳን ከተማ ውስጥ፣ ሚካዋ የሚባል የወደብ ሰፈር አለ። እዚያ ያሉ ሰዎች የሚበሉት ያንኑ ገዳይ የእንቁላል ከረጢት ነው። አንዱ ከረጢት ብቻውን ሰው ይገድላል። እነሱ መጀመሪያ በጨው ቀብረው ዓመትና ከዚያ በላይ ያቆዩታል። ጨው ውኃውን ይመጥጣል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ይደርቃል። ከዚያ ያወጡትና በእንጨት በርሜል ውስጥ በሩዝ ፉርሽካ ይደረድሩታል፤ አንድ ረድፍ ፉርሽካ፣ አንድ ረድፍ እንቁላል። ከላይ ከባድ ድንጋይ ይጭኑበትና ሁለት ዓመት ገደማ ይተዉታል። በድምሩ ወደ ሦስት ዓመት ማለት ነው። ሲወጣ ተመርምሮ ይሸጣል፤ በስሱ ተቆርጦ በሩዝ ይበላል፣ ሰውም አይሞትም። መርዙ በከፊል ከጨው ውኃው ጋር እንደሚወጣ ታውቋል፤ የቀረው ምን እንደሚሆን ግን ሳይንስ እስካሁን በሙሉ አልፈታውም። ስለዚህ የተፈቀደው በጥንቱ አሠራር ለሚሠሩት ብቻ ነው። ማንም ተነስቶ አሳጥሬ እሠራዋለሁ ቢል አይችልም።

ይህቺን «አሳጥሬ» የምትለዋን ያዙልኝ።

አይስላንድ ላይ ሃውካርል የሚባል ምግብ አለ፤ የግሪንላንድ ሻርክ ሥጋ ነው። ይህ ሻርክ በሰሜኑ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚኖር ነው፣ በ2016 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ቢያንስ 272 ዓመት ይኖራል ተብሏል። ሥጋው ውስጥ ዩሪያና ትራይሜታይላሚን ኦክሳይድ የሚባሉ ነገሮች በብዛት አሉ፤ ትኩሱን የበላ ሰው እንደሰከረ ይንገዳገዳል፣ ይባስ ሲል ሌላ መዘዝ ይመጣበታል። አይስላንዶች ድሮ ሥጋውን በባሕር ዳር ጠጠር ውስጥ ቆፍረው ይቀብሩትና ድንጋይ ይጭኑበት ነበር። ፈሳሹ እየተጨመቀ ይወጣል፣ ሥጋው ይብላላል። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ከቆየ በኋላ ያወጡትና ግድግዳ በሌለው ዳስ ውስጥ ለወራት ይሰቅሉታል፤ ነፋስ ያደርቀዋል። ላዩ ላይ የሚሠራው ቡናማ ቅርፊት ተላጥቶ ውስጡ ይበላል። የአሞኒያ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ቆጮ በጉድጓድ ተቀብሮ ሲብላላ እያያችሁ ያደጋችሁ የደቡብ ልጆች ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንባችሁም። መቅበር፣ መጫን፣ መጠበቅ።

ወደ ሰሜን ግሪንላንድ ደግሞ እንሻገር። ኪቪያክ ይባላል። ትንንሽ የባሕር ወፎችን በመቶ ቆጥረው፣ ከነላባቸው ከነምንቃራቸው፣ ሲል ከሚባል የባሕር እንስሳ ቆዳ በተሠራ አንድ ከረጢት ውስጥ ይጠቀጥቋቸዋል። አየሩን ያስወጡታል፣ ይሰፉታል፣ ስፌቱን ዝንብ እንዳይገባ ስብ ይቀቡታል፣ ከዚያ ድንጋይ ክምር ሥር ለወራት ያስቀምጡታል። በጨለማው ክረምት፣ ሠርግና ልደት ሲኖር ይከፈታል። በ2013 ሲዮራፓሉክ በምትባል መንደር ሰዎች ኪቪያክ በልተው ሞቱ። ምን ተፈጠረ? ወፉ ተለውጦ ነበር። በትንሿ ወፍ ፈንታ አይደር የሚባለውን ዳክዬ ተጠቅመዋል። እሱ እንደ ትንሿ ወፍ በደንብ አይብላላም፣ ባክቴሪያ ውስጡ መርዝ አመረተ። ሁሉም ነገር እንደ አባቶች ተደርጓል፣ ከአንዱ በስተቀር። እንዲህ ያለ ዕውቀት ቀለል ያለ ይመስላል እንጂ እያንዳንዱ ነገር ቦታ ቦታ አለው።

ሁለት ነገር በአጭሩ ልጨምር። ፊንላንዶች በጸደይ የሚለቅሙት አንድ እንጉዳይ አለ፣ ጥሬው ይገድላል። ገበያ ላይ ሲሸጥ ማስጠንቀቂያ ይዞ ነው። በብዙ ውኃ ሁለቴ ይቀቀላል፣ ውኃው በየጊዜው ይደፋል። ሲቀቀል ደግሞ መስኮት መከፈት አለበት፤ እንፋሎቱ ራሱ መርዝ ነው። ጃማይካ ውስጥ ደግሞ አኪ የሚባል ፍሬ አለ፤ ከምዕራብ አፍሪካ በባሪያ ፍንገላው ዘመን ተሻግሮ ዛሬ የአገሪቱ ብሔራዊ ፍሬ ሆኗል። ዛፉ ላይ እንዳለ በራሱ ጊዜ አፉን ካልከፈተ አይነካም። ያልበሰለው ፍሬ ሃይፖግላይሲን የሚባል መርዝ አለው፣ የደም ስኳርን አውርዶ አውርዶ ሰው ይገድላል። አሜሪካ በ1973 እንዳይገባ ከለከለች፣ በ2000 ከተፈቀደላቸው አምራቾች ብቻ እንዲገባ አደረገች። ጃማይካዊቷ እናት ግን ይህ ሁሉ ሳይኖር በፊት ቢጫውን ለይታ፣ ቀዩን ልጣ፣ ጥቁሩን ፍሬ ጥላ ስታበስል ኖራለች።

እዚህ ላይ ስለራሳችን ትንሽ። ሌሎች የዓለምን ጉደኛ ምግብ ሲዘረዝሩ እኛም እንገባለን። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ቆይቶ አገሩ ሲመለስ ሐበሻ ጥሬ ሥጋ እንደሚበላ ቢያወራ ብዙዎች ዋሾ ነው ብለው ሳቁበት። እኛ ግን ቁርጣችንን ያለ ጥንቃቄ አልበላንም። የኮሶ ትል እንደሚያመጣ አያቶቻችን ያውቁ ነበር፣ ስለዚህ የኮሶ ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጣ ነበር። ምግቡና መድኃኒቱ አብረው የሚሄዱ ናቸው። ዛሬ መድኃኒቱ የፋርማሲ ሆኗል፣ እሰየው፣ ኮሶ ራሱ ከባድ ነበርና። ግን አሁን ቁርጥ ቤት ገብተን ስንወጣ ስለ ሁለተኛው ክፍል የምናስብ ስንቶቻችን ነን?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። እስካሁን የነገርኳችሁ አብዛኛው የፈለገ የሚበላው፣ ያልፈለገ የሚተወው ምግብ ነው። ፉጉ ባይበላ ማንም አይራብም። ሌላ መርዝ ያለበት ምግብ ግን አለ፤ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው በየቀኑ የሚበላው። ካሳቫ።

ካሳቫ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ሥሩ ነው የሚበላው። መራራው ዝርያ ውስጥ ሊናማሪን የሚባል ነገር አለ፤ ሥሩ ሲቆረጥ ወይም ሲፈጨፈጭ እዚያው ተክሉ ውስጥ ካለ ኢንዛይም ጋር ይገናኝና ሳያናይድ ይወጣል። አዎ፣ ያው ሳያናይድ። የአማዞን ሴቶች ይህን ከጥንት ጀምረው ፈትተውታል። ሥሩን ይፈገፍጋሉ፣ ከዚያ በሰሌን በተጠለፈ ረጅም ከረጢት ውስጥ ይሞሉታል። ከረጢቱ ሲጎተት እየረዘመ ይጠብባል፣ ውስጡ ያለው ይጨመቃል። ጭማቂው ወርዶ ለብቻው ለረጅም ሰዓት ይፈላል፣ መርዙ በንኖ ይጠፋና ወጥ መሥሪያ ይሆናል። የቀረው ቂጣ ይጋገራል። የሚጣል ነገር የለም። አንድ ላቦራቶሪ ያልነበረው ሕዝብ በጣቱ፣ በአፍንጫው፣ በትዕግሥቱ የደረሰበት ነው፤ እኔ ስለዚህ ሳስብ ከልቤ ነው የማከብራቸው።

ፖርቱጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ካሳቫን ወደ አፍሪካ አመጡት። አፍሪካውያን ሴቶች የራሳቸውን መንገድ አበጁለት። ኮንጎ ውስጥ ሥሩ ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ ለሦስት ሌሊት ይዘፈዘፋል፤ ይለሰልሳል፣ ይብላላል፣ መርዙ ይወጣል፣ ከዚያ ይሰጣል፣ ይፈጫል። ምዕራብ አፍሪካ ላይ ፈግፍገው፣ አብላልተው፣ ጨምቀው፣ ያምሱታል። ድርቅ ይችላል፣ ደካማ አፈር ላይ ይበቅላል፣ መሬት ውስጥ እንዳለ ዓመትና ሁለት ዓመት ይቆያል። ለድሃ ገበሬ ከዚህ የተሻለ ባንክ የለም።

በ1981 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ናምፑላ በሚባለው ሰሜናዊ ግዛት ድርቅ ገባ፣ ጦርነቱም ነበር። ሌላው ሰብል ሁሉ ሲጠፋ መራራው ካሳቫ ብቻ ቀረ። ከዚያ ሴቶችና ልጆች በድንገት እግራቸው መታዘዝ እምቢ አለ። ማታ ደህና የነበረች ሴት ጠዋት ስትነሳ እግሯ ደርቆ፣ ጉልበቷ እየተጋጨ፣ በጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች። ከ1,000 በላይ ሰው እንዲህ ሆነ። እዚያ በሐኪምነት ይሠራ የነበረው ስዊድናዊው ሃንስ ሮስሊንግ፣ ኋላ በስታቲስቲክስ ንግግሮቹ ዓለም ያወቀው ሰው፣ ነገሩን ተከታትሎ ምርምሩን ለብዙ ዓመት ያዘው። በሽታው ኮንዞ ይባላል፤ ኮንጎ ውስጥ አስቀድሞ በ1938 ተመዝግቧል። አይድንም። እግሩ አንዴ ከታሰረ ታሰረ።

ለምን አዋቂዎቹ ሴቶች ይህ ደረሰባቸው? አሠራሩን ረስተውት ነው? አይደለም። ውኃ አልነበረም። መዘፍዘፊያ የለም፣ ልጅ ደግሞ ዛሬ ይርበዋል፣ ሦስት ቀን አይጠብቅም። ሌላም ነገር አለ። ሰውነታችን ትንሽ ሳያናይድ ሲገባበት ከፕሮቲን የሚያገኘውን ሰልፈር ተጠቅሞ ያመክነዋል። ባቄላ፣ ዓሣ፣ ሥጋ የሚበላ ሰው በትንሹ አይጎዳም። ካሳቫ ብቻ የሚበላ ሰው ግን መርዙም ይበዛበታል፣ ማምከኛውም ያልቅበታል። መርዙና ድህነቱ እዚህ ላይ ተጋገዙ።

አሁን «አሳጥሬ» ወዳልኳችሁ ልመለስ። ኮንጎ ውስጥ፣ ባንዱንዱ ይባል በነበረው ግዛት፣ ጦርነትም ድርቅም በሌለበት ኮንዞ በዛ። ተመራማሪዎች ገብተው ሲያጠኑ ያገኙትን በ1992 አሳተሙ። አዲስ አስፋልት ተሠርቶ መንደሮቹን ከኪንሻሳ ጋር አገናኝቷቸው ነበር። መንገድ ሲመጣ ነጋዴ መጣ፣ ነጋዴ ሲመጣ ካሳቫ ገንዘብ ሆነ፤ የኪንሻሳ ሰው ይገዛል፣ መኪናው ይቸኩላል። ሴቶቹ ሦስት ሌሊት ይዘፈዝፉት የነበረውን ወደ አንድ ሌሊት አወረዱት። ከተማ ውስጥ ያለው ገዢ ዓሣም አትክልትም ቀላቅሎ ስለሚበላ ምንም አልሆነም። እግራቸው የተያዘው አምራቾቹ፣ ያንኑ ካሳቫ ብቻ የሚበሉት ናቸው።

እስቲ ይህንን ከሚካዋው በርሜል ጋር አስተያዩት። አንዱ ጋ መርዙ እንዳይደርስ ሕግ አለ፣ መርማሪ አለ፣ ሦስት ዓመት መጠበቅ የሚችል ገንዘብ አለ። ሌላው ጋ ሁለት ሌሊት መጨመር የሚያስችል አቅም ጠፋ። የሁለቱም ሰዎች ዕውቀት አያንስም። እኔ ይህንን ሳነብ እበሳጫለሁ፣ አሁንም ስናገረው እበሳጫለሁ።

ግን መፍትሔም ተገኝቷል፣ ያውም ርካሽ። አውስትራሊያዊው ኬሚስት ሃዋርድ ብራድበሪ አንድ ዘዴ አመጣ። ዱቄቱን በውኃ ታረጥቢዋለሽ፣ ሰፌድ ወይም ምንጣፍ ላይ በስሱ ትዘረጊዋለሽ፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ወይም ጥላ ውስጥ አምስት ሰዓት ትተዪዋለሽ። ሳያናይዱ በንኖ ይሄዳል። በዚያው ቀን ይበላል። ባንዱንዱ ውስጥ ካይ ካሌንጌ በምትባል መንደር ለሴቶቹ ይህንን አሳይተዋቸው ክትትል ሲደረግ አዲስ የኮንዞ በሽተኛ አልተገኘም። መሣሪያ የለም፣ ኬሚካል የለም። እኛም አገር ደቡብ ውስጥ፣ ወላይታና ጋሞ አካባቢ፣ ካሳቫ ይበላል፤ ዱቄቱ ከጤፍና ከበቆሎ ጋር እየተቀላቀለ እንጀራ ይሆናል። ይህ ዘዴ እዚያ ላሉ ሴቶች ሁሉ መድረስ ያለበት ነው።

አሁን ቤታችን እንግባ። ጓያ።

ጓያን የማያውቅ ገበሬ የለም። መረሬ አፈር ላይ፣ ክረምት ሲወጣ፣ በቀረችው እርጥበት ይዘራል። ማረስ ብዙ አይፈልግም፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም። ውኃ ቢተኛበት ይችላል፣ ዝናብ ቢቀር ይችላል። ሽሮው ይጣፍጣል፣ ክኩ ይሠራል፣ ቂጣው፣ ንፍሮው፣ ቆሎው፣ እሸቱ አለ። ዋጋውም ከአተርና ከሽምብራ ይረክሳል። ችግሩ ኦዳፕ የሚባል ነርቭ የሚጎዳ ነገር መያዙ ነው። አልፎ አልፎ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ ሰው አይጎዳም፤ ሽሮ ውስጥ ገብቶ ሳናውቀው የበላነው ሁሉ ደህና ነን። ለሁለትና ለሦስት ወር ዋነኛ ምግብ ሲሆን ግን እግር ይይዛል። ይበልጥ የሚያዙት ወጣት ወንዶች ናቸው፣ ገና ማረስ በጀመሩበት ዕድሜ። ጡንቻው ይደርቃል፣ ጉልበቱ ይተጣጠፋል፣ በአንድ ዱላ፣ ከዚያ በሁለት ዱላ፣ ሲብስ በእጅ መዳህ ነው። ይህም አይድንም። ሞዛምቢካዊቷን እናትና የእኛን ጎረምሳ ጎን ለጎን ብታስኬዷቸው አረማመዳቸው ይመሳሰላል፤ መርዙ ሌላ፣ ተክሉ ሌላ ሆኖ።

ገበሬው ግንኙነቱን አላጣውም። ጓያ ሰበረው ይላል። በምን በኩል እንደሚጎዳ ግን ተሳስቷል፤ ብዙ ቦታ ሲቀቀል እንፋሎቱ ነው የሚይዘው ይባላል፣ ወይም ማሳውን መርገጥ። ስለዚህ ሰው ከድስቱ ይሸሻል፣ ንፍሮውን ግን ይበላል። ለፊንላንዱ እንጉዳይ እንፋሎቱን መፍራት ልክ ነበር። ለጓያ ልክ አይደለም፤ የሚጎዳው የተበላው ነው።

ጓያ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ1811 እና 1812 ማድሪድ በፈረንሳይ ጦር ተይዛ ስትራብ ሰው የበላው የጓያ ገንፎ ነበር። ሠዓሊው ጎያ በአንድ ሥዕሉ ላይ ሰዎች ተሰብስበው ገንፎውን ሲቀበሉ አሳይቷል፤ አንዷ ሴት መሬት ላይ ተጋድማለች፣ እግሯ አልቆም ብሏታል። በ1942 እና 1943 መካከል ደግሞ ሮማንያ በምታስተዳድረው የቫፕኒያርካ ካምፕ፣ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ነው፣ አይሁድ እስረኞችን ለከብት መኖ የተዘጋጀ ጓያ ቀቅለው አበሏቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩት ሽባ ሆኑ። ምን እንደሆነ ያወቀው አርተር ኬስለር የሚባል ሐኪም ነው፤ እሱም እስረኛ ነበር። እስረኞቹ ምግቡን አንበላም አሉ። ከተረፉት አንዳንዶቹ፣ ራሱ ኬስለርም፣ በኋላ እስራኤል ኖረዋል።

በእኛ አገር ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት አጥንተውታል። በ1990ዎቹ ሰሜን ወሎ፣ ደላንታና ዳውንት ላይ ድርቅ ገብቶ ሰው በጓያ ላይ ሲያርፍ ብዙ ወጣት ተሰበረ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ከሌሎች ጋር ሆኖ ማን እንደተያዘና ማን እንደዳነ ቤት ለቤት አጠና። አንድ መንደር፣ አንድ ረሃብ፣ አንድ ጓያ፤ ግን አንዱ ቤት ተያዘ፣ አንዱ ቤት ዳነ። ለምን? እሸቱን በጥሬው፣ ንፍሮውን፣ ቆሎውን የበሉት ይበልጥ ተጎዱ። አቡክተው የበሉት፣ ከእህል ጋር የቀላቀሉት፣ ሽንኩርትና ቅመም ገብቶበት ወጥ አድርገው የበሉት ይበልጥ ዳኑ። እህሎች ጓያ ያጣውን ሰልፈር ያለበትን የፕሮቲን ክፍል ይሞላሉ። ማቡካት መርዙን ይቀንሳል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም እንደዚሁ፣ መርዙ በውኃ ስለሚሟሟ።

እንግዲህ የመትረፊያው መንገድ ይታወቃል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የሚጠይቀው ነገር ሁሉ ድርቅ መጀመሪያ የሚወስደው ነው። ለመዘፍዘፍ ውኃ፤ ውኃ የሁለት ሰዓት መንገድ ሆኗል። ለማቡካትና ለመጋገር ማገዶ፤ ኩበቱ አልቋል፣ ከብቱ ተሽጧል። ለመቀላቀል ጤፍና ገብስ፤ እሱ ቢኖርማ ጓያ ብቻ አይበላም ነበር። ለወጥ ሽንኩርትና በርበሬ። እና ሰው ማሳ ላይ እያለ እሸቱን በጥሬው ይበላል፣ ማታ ትንሽ ቆሎ ይቆላል፤ በማገዶም በውኃም ርካሹ እሱ ነውና። አደገኛውም እሱ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ደጋግሞ የመጣልኝን አንድ ጥያቄ እዚሁ ልመልስ። ታዲያ ጓያን መከልከል አይሻልም ወይ? ስፔን በ1967 ለሰው ምግብነት እንዳይሸጥ ከልክላ ነበር። የበለጸገ አገር ይችላል፣ ምትክ አለው። ደንቢያና ደላንታ ላይ ብትከለክል ግን ዝናብ በቀረበት ዓመት መሬት ላይ የሚቀረውን አንዱን ሰብል ነው የምትነጥቀው። እኔ አልስማማም። መርዙ ዝቅ ያለ ዝርያ ተመራማሪዎቻችን አውጥተዋል፤ ያ ዘር ገበሬው እጅ ይድረስ። የእርዳታ እህል ሲላክ ደግሞ ጊዜው ይታሰብበት። ኃይለየሱስና ባልደረቦቹ በ2003 ላንሴት መጽሔት ላይ ያሳተሙት ይህንኑ ነው፤ በረሃቡ ጊዜ የእርዳታ እህል ከጓያው ጋር ቢቀላቀል እግር ከመያዝ ይተርፋል። ሙሉ ቀለብ መሆን እንኳ የለበትም። ጓያው ብቻውን ማዕድ ላይ እንዳይቀር የሚያደርግ መጠን፣ ሰዎቹ ሁለት ወር ጓያ ከበሉ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ያገራችሁን የጓያ አሠራር የምታውቁ እናቶች ካላችሁ፣ በተለይ በምን ውኃ፣ ስንት ሌሊት እንደሚዘፈዘፍ፣ ጻፉልኝ፤ ልሰበስበው እፈልጋለሁ።